የክሌር ኪገን «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች»፦ ባልተጻፈው የሚናገር መጽሐፍ

አየርላንዳዊቷ ክሌር ኪገን የመጀመሪያ መጽሐፏን ካሳተመችበት ከ1999 እስከ 2023 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአንባቢ ያቀረበቻቸው የልቦለድ ሥራዎች በአንድ ላይ ቢጠረዙ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ አይበልጡም። ይህ ከስንፍና ወይም ከሐሳብ ድርቀት የመጣ አለመሆኑን ለመረዳት «ስሞል ቲንግስ ላይክ ዚዝ» (እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች) የተሰኘውን የ2021 ሥራዋን ማንበብ ይበቃል። በፌበር አሳታሚነት የወጣው ይህ መጽሐፍ 116 ገጽ ብቻ አለው፤ በ2022 በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ልቦለዶች በየዓመቱ በብሪታንያ ለሚሰጠው ለቡከር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባም እስከዚያ ጊዜ ድረስ እዚያ ደረጃ ከደረሱት መጻሕፍት ሁሉ በገጽ ብዛት አነስተኛው ነበር። በአንድ ምሽት ተነቦ ለሚያልቅ ጽሑፍ የሙሉ መጽሐፍ ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ አይፈረድበትም። ለዚህኛው መጽሐፍ መልሴ «አዎን፣ ተገቢ ነው» የሚል ነው፤ ከሥራዎቿ ሁሉ ግን ይህን መልስ የማልሰጠው አንድ አለ፤ እርሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ በዌክስፎርድ አውራጃ፣ በባሮው ወንዝ ዳር ባለችው በኒው ሮስ ከተማ ነው፤ ጊዜውም የ1985 የገና ሰሞን ነው። ኑሮው ከብዷል፤ የመርከብ መሥሪያው ተዘግቷል፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሠራተኞቹን እየቀነሰ ነው፣ የሥራ አጥ ድጎማ ለመቀበል የሚቆመውም ሰልፍ ከቀን ወደ ቀን ይረዝማል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢል ፈርሎንግ የድንጋይ ከሰልና የማገዶ እንጨት ነጋዴ ሲሆን ዕድሜው ወደ አርባ ተጠግቷል። አይሊን የምትባል ሚስትና አምስት ሴቶች ልጆች አሉት። የጭነት መኪናውን ራሱ እየነዳ፣ ከሠራተኞቹ ጋር እኩል ከረጢት እየተሸከመ፣ ለተቸገረ ደንበኛ በዱቤ እየሰጠ የሚኖር፣ ሀብታምም ድኻም ያልሆነ ሰው ነው። ሁለቱ ታላላቅ ልጆቹ በከተማዋ ጥሩ ስም ባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ትንንሾቹም በጊዜያቸው እዚያ እንዲገቡ ወላጆቻቸው ይመኛሉ። ትምህርት ቤቱን ከጎረቤቱ የደናግል ገዳም የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ነው፤ የመጽሐፉ ጭንቀት ሁሉ የሚያጠነጥነውም በዚህ ግንብ ዙሪያ ነው።

ፈርሎንግ ራሱ ያለ አባት የተወለደ ነው። እናቱ ሣራ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ስትፀንስ በወይዘሮ ዊልሰን ቤት በገረድነት ታገለግል ነበር፤ ቤተሰቦቿ ፊታቸውን ሲያዞሩባት ባሏ የሞተባት ፕሮቴስታንት ባለርስት የሆነችው ወይዘሮ ዊልሰን ከሥራዋ አላባረረቻትም፤ ልጁም በዚያው ትልቅ ቤት አደገ። እናቱን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ተነጠቀ። አባቱ ማን እንደሆነ ማንም አልነገረውም፤ ጎልምሶ የልደት ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት በሄደ ጊዜም በአባት ስም ቦታ ላይ «አይታወቅም» የሚል ተጽፎ አገኘ፤ ወረቀቱን ያቀበለው ጸሐፊ ፊት ላይ ያየውን ፈገግታም አልረሳውም። ኪገን ይህን ሁሉ በጥቂት አንቀጾች ጨርሳ ታልፈዋለች። አንድ የልጅነት ገና ላይ ግን ቆም ትላለች። ትንሹ ፈርሎንግ ለገና አባት በጻፈው ደብዳቤ አባቱን እንዲያመጣለት፣ ያ ካልሆነ ደግሞ አምስት መቶ ቁርጥራጭ ያለው የእርሻ ቦታ ሥዕል መገጣጠሚያ እንዲሰጠው ለመነ፤ የደረሰው የጥፍር ብሩሽና ሳሙና፣ ውኃ ሞልተው አልጋ የሚያሞቁበት የጎማ ኮዳ፣ ከወይዘሮ ዊልሰን ደግሞ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነበር። ልጁ ማንም ሳያየው ለማልቀስ ወደ ከብቶቹ በረት ሄደ። ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ ስለ ልጁ ስሜት ሁለት ገጽ ይጽፍ ነበር፤ እርሷ የምትሰጠን የሚፈልገውንና ያገኘውን ብቻ ነው፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል።

የመጽሐፉ ጥበብ በጉልህ የሚታየኝ እንዲህ ባሉ ሽርፍራፊ ትዕይንቶች ነው። ፈርሎንግ አንድ ማለዳ ከቄሱ ቤት ጀርባ ሲያልፍ አንድ ተማሪ ልጅ ለድመቷ የተቀመጠውን ወተት ከድመቷ ሳሕን ሲጠጣ ያያል። ዐረፍተ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ማብራሪያም ቁጣም አይከተለውም። ነገር ግን በዚያች አንድ ዐረፍተ ነገር የቄሱ ቤት፣ የድመቷ ድርሻና የልጁ ረኃብ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ፣ በ1980ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ማን ይጠግብ ማን ይራብ እንደነበር ረጅም ሐተታ ሊናገረው የሚችለውን ሁሉ ተናግራለች። በሌላ ቦታ ፈርሎንግ መንገድ ዳር ጭራሮ ለሚለቅም የሰካራም ልጅ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ሳንቲም ሰጥቶት ይመጣል፤ ማታ አይሊን ይህን ስትሰማ ከልጁ አባት መጠጥ ጋር አያይዛ ትወቅሰዋለች። ባልና ሚስቱ ሳይጣሉ፣ ድምፃቸውም ከፍ ሳይል፣ በመካከላቸው ያለው የአመለካከት ርቀት በጉልህ ይታያል።

ከዚያ ወደ ገዳሙ እንገባለን። በከተማዋ ሰዎች ዘንድ በንጹሕ ልብስ አጣቢነቱ ወደሚታወቀው ወደዚህ ቦታ ፈርሎንግ ጭነት ይዞ በሄደ ጊዜ በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ በእጃቸውና በጉልበታቸው ተንበርክከው የሚወለውሉ ልጃገረዶች ያያል፤ አንዷ ወደ ወንዙ እንዲወስዳት፣ ራሷን እንድትጥል ብቻ እንዲያደርሳት ትለምነዋለች። ሲወጣ ዐይኑ የሚያርፍባቸው ነገሮች የግንቡ ጫፍ ላይ የተተከለው የተሰበረ ጠርሙስና በበሩ ላይ ያለው ቁልፍ ናቸው። ከገና በፊት ባሉት ቀናት እንደገና ማለዳ ላይ ሲመጣ ደግሞ የከሰል ማከማቻውን ከፍቶ እዚያ ውስጥ ሌሊቱን ተቆልፎባት ያደረች፣ ባዶ እግሯን የሆነች ልጅ ያገኛል። ከወለደች ገና አሥራ አራት ሳምንቷ ነው፤ ሕፃኗን ወስደውባታል። ስሟ ሣራ ነው፤ እንደ እናቱ። በዚህ የስም መገጣጠም ላይ ደራሲዋ ጣቷን አትቀስርም፤ ፈርሎንግ ይሰማዋል፣ አንባቢውም ይሰማዋል፣ ትረካው ይቀጥላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከእመ ምኔቷ ጋር ሻይ የመጠጣት ትዕይንት በእኔ እይታ በዘመናችን የአየርላንድ ልቦለድ ውስጥ ካነበብኳቸው ምርጥ ገጾች አንዱ ነው። በውጫዊ መልኩ የተለየ ነገር አይካሄድም። እሳት ይነድዳል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ኬክ ይቆረሳል፤ ፈርሎንግ በከሰል የጠቆረ ጫማው ወለሉን እንዳያበላሽ ይጨነቃል፣ እመ ምኔቷም ግድ የለም ትለዋለች። ልጅቷ ታጥባና ልብስ ቀይራ ትቀርባለች፤ የከሰል ቤት የገባችው ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት እንደሆነም በሁሉ ፊት እንድትናገር ይደረጋል። እግረ መንገዷን እመ ምኔቷ ስለ ሴቶች ልጆቹ ትጠይቃለች፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሁሉም ቦታ ማግኘት ቀላል አለመሆኑን በለሰለሰ አንደበት ታስታውሰዋለች። አንድም የማስፈራሪያ ቃል አልወጣም፤ ሆኖም የአምስት ልጆች አባት የሆነ ሰው ምን እንደተባለ ጠንቅቆ ያውቃል። ስሙን የሚያስቀጥል ወንድ ልጅ ባለመውለዱ ስትጠቃቅሰው እርሱ ራሱ የእናቱን ስም እንደወሰደና ምንም ጉዳት እንዳልደረሰበት ይመልሳል፤ ወደቡ ላይ ስለሚወርዱት የባዕድ አገር መርከበኞች በንቀት ስትናገር ደግሞ ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ መወለዱ አይቀርም፣ ኢየሱስም የተወለደው በቤተልሔም ነው ይላታል። ተነሥቶ እንዲሄድ ስትጠብቅም ተደላድሎ ይቀመጣል። ትግሉ ሁሉ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ከወንበሩ ለመነሣት ጥቂት መዘግየቱ። በስተመጨረሻ ግን ለአይሊን የተላከውን የገና ካርድና በውስጡ ያለውን ገንዘብ ተቀብሎ ይወጣል፤ ደራሲዋ ጀግናዋን እንዲህ በቀላሉ ነጻ አለማውጣቷ ለመጽሐፉ ትልቅ ክብር ነው።

ኪገን ክፉና ደግ ብላ ሰዎችን ለሁለት ከፍላ አታቆምም። አይሊን ልበ ደንዳና ሴት አይደለችም። በዚህ ዓለም ሠርቶ ለመኖር ዐይቶ እንዳላየ የሚታለፍ ነገር እንዳለ ለባሏ ስትነግረው የምታስበው አምስት ልጆቿን ነው፤ የወይዘሮ ዊልሰን ዓይነቱ ቸርነት ርስትና ጡረታ ላለው ሰው እንደሚቀልል ስትጠቁምም አንባቢው በቀላሉ የሚጥለው ክርክር አታቀርብም። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ኪዮም ለፈርሎንግ ማስጠንቀቂያ የምትሰጠው በወዳጅነት መንፈስ ነው፤ መነኮሳይቱ እጃቸው የማይገባበት ጉዳይ እንደሌለ፣ የልጆቹንም ዕድል በራሱ እጅ እንዳያበላሽ ትመክረዋለች። «ዝም አይነቅዝም» በሚል ብልሃት የሚኖር ከተማ ነው። ዝምታው ከጭካኔ የመነጨ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ቀላል ይሆን ነበር፤ የሚያስጨንቀው ከፍቅር፣ ከልጆች ጉዳይ፣ ከጉርብትና መምጣቱ ነው። ደራሲዋ ራሷ ብዙ ነገር ሳትናገር መተዋ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ሰዎቹ የሚያውቁትንና የማይናገሩትን እኛም ሳይነገረን እንድናውቅ ታደርገናለች፤ በዚህም ምክንያት ስናነብ እኛም ከዝምተኞቹ መካከል የቆምን ያህል ይሰማናል።

ከልቦለዱ በስተጀርባ ያለው ታሪክ እውነተኛ ነው። «የመግደላዊት ልብስ ማጠቢያዎች» እየተባሉ የሚጠሩት ተቋማት በካቶሊክ መነኮሳይት የሚተዳደሩ ነበሩ፤ ከጋብቻ ውጭ የፀነሱ፣ ቤተሰብ የሌላቸው፣ «ይስታሉ» ተብለው የተፈሩ፣ ወይም ከሌላ ተቋም የተዛወሩ ሴቶች ያለ ደመወዝ ልብስ እያጠቡ ይኖሩባቸው ነበር። የአየርላንድ መንግሥት በሴናተር ማርቲን ማካሊስ ሰብሳቢነት አስጠንቶ በ2013 ይፋ ባደረገው ሪፖርት በአራት የመነኮሳይት ማኅበራት ሥር የነበሩ 10 ማጠቢያዎች ተመርምረዋል፤ ከእነዚህ አንዱ በዚያችው በኒው ሮስ የነበረ ነው። ከ1922 ጀምሮ 10,000 ያህል ሴቶች እንዳለፉባቸው፣ መግቢያቸው ከታወቀው ሴቶች መካከል ከሩብ የሚበልጡትን የላከው መንግሥት ራሱ እንደነበረም ያው ሪፖርት አረጋግጧል። የመጨረሻው ማጠቢያ በደብሊን የተዘጋው በ1996 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በየካቲት 2013 በምክር ቤት ቆመው በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። በጥር 2021 ደግሞ የእናቶችና ሕፃናት ማቆያ ቤቶችን ያጣራው ኮሚሽን ባቀረበው ሪፖርት በመረመራቸው 18 ተቋማት ውስጥ 9,000 ያህል ሕፃናት መሞታቸውን ገልጿል። የኪገን መጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ቁጥር ግን አንዱም ወደ ታሪኩ አልገባም። ከታሪኩ ማብቂያ በኋላ ከተጨመረው አጭር ማስታወሻ በስተቀር መጽሐፉ የሚያውቀው ፈርሎንግ በዚያች ሳምንት ሊያውቅ የሚችለውን ብቻ ነው። በመግቢያው ላይ ግን የ1916ቱ የነጻነት ዐዋጅ የአገሪቱን ልጆች ሁሉ በእኩል ለመንከባከብ የገባው ቃል ተጠቅሷል፤ በልቦለዱ ውስጥ ለቁጣ የቀረበው ነገር እርሱ ብቻ ነው።

የምነቅፈው ነገርም አለ። የመጀመሪያው ቅሬታዬ ወይዘሮ ዊልሰንን ይመለከታል፤ ይህች ሴት ከሁሉ በላይ የፈርሎንግን ሕይወት የቀየረች ሆና ሳለ ከበጎነቷ ሌላ የምናውቅላት ነገር የለም፤ ሌሎቹ ሁሉ ጥላና ብርሃን ሲኖራቸው እርሷ ብቻ ምስል ሆና ቀርታለች። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ ከማጠቢያው ውስጥ ያሉትን ሴቶች የምናያቸው በአንድ ወንድ ዐይን መሆኑ ነው። ሣራ ጥቂት ቃላት ትናገራለች፤ ምን ትወዳለች፣ ከየት መጣች፣ ማን አሳልፎ ሰጣት የሚለው አይነሣም። ይህ የደራሲዋ ምርጫ እንደሆነ ይገባኛል፤ ርእሷ ግንቡ ውጭ የቆመው ሰው ኅሊና ነው። ቢሆንም መጽሐፉ በርካታ ተማሪዎች ስለዚህ ታሪክ በመጀመሪያ የሚያነብቡት ጽሑፍ እየሆነ በመጣ ቁጥር፣ ተበዳዮቹ እንደገና ዝም ብለው የቀሩበት መሆኑ ይከነክነኛል። ስለ ፍጻሜው አልናገርም፤ ታሪኩ ችግሩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንደሚያቆም መናገር ግን ምሥጢር ማውጣት አይሆንብኝም። አንዳንዶች ተቋርጦብናል ብለው ይማረራሉ፤ በእኔ ግምት አንድ ምዕራፍ ቢጨመር ኖሮ ሥራው ይበላሽ ነበር።

ደራሲዋ በ1968 ተወልዳ ያደገችው በዊክሎ አውራጃ፣ በእርሻ ላይ በሚኖር ቤተሰብ ውስጥ ሲሆን የብዙ ልጆች የመጨረሻ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወደ አሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ሄዳ በሎዮላ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛና የፖለቲካ ሳይንስ አጠናች፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርቷን በዌልስ ካርዲፍ፣ ቀጥሎም በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተከታተለች። «አንታርክቲካ» የተሰኘው የመጀመሪያ የአጫጭር ልቦለዶች መድበሏ በ1999 ታትሞ በተከታዩ ዓመት የሩኒን የአየርላንድ ሥነ ጽሑፍ ሽልማት አስገኘላት። ይህን መድበል ያነበበ ሰው ከኋለኞቹ ሥራዎቿ የሚለይበት ነገር ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያ ድንጋጤ አለ፣ ደም አለ፣ ታሪኩን ከመጨረሻው የሚገለብጥ ክፉ ዕጣ አለ። በ2007 የወጣውና በማግስቱ ዓመት የኤጅ ሂል የአጭር ልቦለድ ሽልማትን ያገኘው «ዎክ ዘ ብሉ ፊልድስ» (ሰማያዊውን መስክ ማቋረጥ) ግን የተረጋጋች፣ ድምፅዋን ያገኘች ጸሐፊ ሥራ ነው። የመድበሉን ስም በያዘው ታሪክ አንድ ቄስ ቀድሞ ያፈቀራትን ሴት ለሌላ ሰው ሲያጋባ እናያለን፤ የቄሱ ሕመም የሚነገረን በሠርጉ ድግስና በመስኩ ላይ በሚያደርገው የእግር ጉዞ ብቻ ነው።

ከሁሉም ሥራዎቿ የላቀው ግን፣ ብዙ ሰው የማይስማማበት ቢሆንም፣ «ፎስተር» (ማደጎ) ይመስለኛል። በ2009 የዴቪ በርንስን የአጭር ልቦለድ ውድድር አሸንፎ 25,000 ዩሮ ያስገኘላት ይህ ሥራ ነበር፤ ዳኛው አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ፎርድ ነበሩ። በ2010 መጀመሪያ በኒው ዮርከር መጽሔት አጥሮ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ፌበር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። እናቷ ሌላ ልጅ ልትወልድ የደረሰችባት አንዲት ትንሽ ልጅ ክረምቱን በማታውቃቸው ዘመዶች እርሻ ላይ እንድታሳልፍ በአባቷ ትወሰዳለች፤ ተራኪዋም ራሷ ናት። እነዚህ ባልና ሚስት ይወድዷታል፣ ያለብሷታል፣ ያስነብቧታል፤ ቤታቸው ውስጥ ግን የማይነሣ ሐዘን አለ። ልጅቷ የምታየውን ትናገራለች እንጂ ትርጉሙን አታውቅም፤ እኛ ደግሞ ከእርሷ አንድ እርምጃ ቀድመን እናውቃለን፤ ይህ ልዩነት ነው አንጀት የሚበላው። በ«እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች» ውስጥ አልፎ አልፎ የሚታየው የተለሳለሰ የገና ስሜት እዚህ የለም። በአየርላንድ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ከሚነበቡት መጻሕፍት መካከል መግባቱም የሚገባው ነው።

ሁለቱም ሥራዎች ወደ ፊልም ተቀይረዋል። ከ«ፎስተር» የተሠራውና ኮልም ባሬድ በአብዛኛው በአይሪሽ ቋንቋ ያዘጋጀው «አን ካሊን ኪውን» (ጸጥተኛዋ ልጅ) በ2023ቱ የኦስካር ሥነ ሥርዓት በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ታጭቷል፤ በአይሪሽ ቋንቋ የተሠራ ፊልም በዚህ ዘርፍ ሲታጭ የመጀመሪያው ነበር። ኪሊያን መርፊ ፈርሎንግን ሆኖ የሚተውንበትና ቤልጅየማዊው ቲም ሚላንትስ ያዘጋጀው ሁለተኛው ፊልም ደግሞ የ2024ቱን የበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ከፍቷል፤ የእመ ምኔቷን ሚና የተጫወተችው ኤሚሊ ዋትሰንም በረዳት ተዋናይነት የብር ድብ ሽልማት አግኝታለች። መርፊ ባለመናገር መተወን የሚችል ሰው በመሆኑ ምርጫው ተሳክቷል፤ ፊልሙ ግን ከመጽሐፉ የጨለመ ነው፤ በገጾቹ ላይ ያለው የቤተሰብ ሙቀት፣ የልጆቹ ሳቅና የኬክ ዝግጅት ጭር ብሎበታል። ስለዚህ መጽሐፉን አስቀድሞ ማንበብ ይሻላል፤ የሻዩን ትዕይንት የዋትሰን ፊት ሳይቀድመው በራስ ዐይን ማየት የሚገባ ነገር ነው።

በዝና ረገድ የ2021ዱ መጽሐፍ ሁሉን ነገር ቀየረ። ከቡከር ዕጩነት በተጨማሪ በ2022 የኦርዌልን የፖለቲካ ልቦለድ ሽልማት አሸነፈ፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ኦፕራ ዊንፍሬይ ለመጽሐፍ ክበቧ መረጠችው። ለሃያ ዓመት በአጭር ልቦለድ ወዳጆች ዘንድ ብቻ ትታወቅ የነበረች ጸሐፊ በሃምሳዎቹ ዕድሜዋ በየመጽሐፍ መደብሩ ፊት ለፊት ተደረደረች። አሳታሚዎቹም አጋጣሚውን አላባከኑትም፤ ቅሬታዬም ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2023 የወጣው «ሶ ሌት ኢን ዘ ዴይ» (ቀኑ ከመሸ በኋላ) በብሪታንያና በአየርላንድ የተሸጠው አንድ አጭር ልቦለድ ብቻ ይዞ፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ ነው። ታሪኩ ራሱ ድንቅ ነው፤ ካሃል የሚባል የደብሊን ቢሮ ሠራተኛ ከእጮኛው ጋር የነበረው ነገር እንዴት እንደፈረሰ ሲያስታውስ፣ ለቼሪ ፍሬ በወጣች ጥቂት ዩሮ ላይ ያሳየው ቁጥቁጥነት ከገንዘብ ያለፈ ምን ያህል ንፉግነት በሆዱ እንዳለ ያጋልጣል። አንድን አጭር ልቦለድ በመጽሐፍ ዋጋ መሸጥ ግን፣ ያውም ስለ ቁጥቁጥነት በተጻፈ ታሪክ፣ ለአንባቢ ደግ ሥራ አይደለም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው እትም ከዚህ ታሪክ በተጨማሪ «ዘ ሎንግ ኤንድ ፔይንፉል ዴዝ» (ረጅሙና አሳማሚው ሞት) እና «አንታርክቲካ» የተባሉትን ሁለት ታሪኮች ስለያዘ ምርጫ ያለው ሰው እርሱን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ሆኖም እነዚህ ሁለቱ ከቀድሞዎቹ መድበሎች የተወሰዱ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። «ዘ ፎረስተርስ ዶተር» (የደን ጠባቂው ልጅ) ተብሎ በ2019 በትንሽ ጥራዝ የወጣውም የ2007ቱ መድበል ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፤ መድበሉ ያለው ሰው ድጋሚ መግዛት አይጠበቅበትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብባት ሰው «ፎስተር»ን አስቀድሞ፣ «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች»ን ቀጥሎ፣ ከዚያ የ2007ቱን መድበል ቢያነብ ድካም ሳይሰማው ወደ ውስጧ ይዘልቃል፤ «አንታርክቲካ» ለመጨረሻ ቢቆይ መልካም ነው። እንግሊዝኛዋ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቿ ለመዝገበ ቃላት የሚያስሮጡ አይደሉም፤ የገጠር አየርላንድ ንግግር ያለበት ምልልስ ብቻ አንዳንዴ ደግሞ ማንበብ ይጠይቃል፤ ሰዎቹ አንድ ነገር ተናግረው ሌላ ማለታቸው ስለሆነም ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። የተወሳሰበ ሴራና ፈጣን ድርጊት የሚፈልግ አንባቢ በዚህች ደራሲ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል። ለሌላው ሁሉ «እንዲህ ያሉ ትንንሽ ነገሮች»ን ጨርሶ ወዲያው ከመጀመሪያው ገጽ እንዲጀምር እመክራለሁ፤ በሁለተኛው ንባብ ላይ ኔድ የሚባለው የወይዘሮ ዊልሰን የእርሻ ሠራተኛ በተነሣበት ቦታ ሁሉ የተለየ ነገር ይነበባል።